የሩቂያ ፊት በደምበል ብርሃን

ጅጅጋን ለአሥር ዓመት ያህል በእንጨት ጫፍ እየነካሁ አስተምሬያለሁ። ደሴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ክፍሌ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካርታ፣ ከሐረር በስተምሥራቅ ቡናማው ቀለም ወደ ቢጫ የሚፈዝበት ቦታ ላይ እንጨቴን አሳርፍና «ከዚህ በኋላ ሜዳ ነው» እላለሁ። ተማሪዎቼም ይጽፋሉ። ሜዳ ምን እንደሆነ ግን እኔም እነሱም አናውቅም ነበር። ደሴ የተወለደ ሰው ወዴትም ቢዞር ዓይኑ ተራራ ላይ ነው የሚያርፈው።

ባለፈው ጥር፣ በመንፈቅ ዓመቱ እረፍት፣ ሆዳን ደወለችልኝ። ሆዳን የጅጅጋ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት አንድ ክፍል አድረናል። «ሰናይት፣ ልጅ ወልጃለሁ፣ መጥተሽ እዪልኝ። ካሜራሽንም ያዥ፣ ያን ትልቁን» አለችኝ።

ካሜራው ትልቅ የሚባል አልነበረም። ከአንድ ባልደረባዬ የገዛሁት፣ ለጀማሪ የሚሆን፣ ሌንሱ የሚፈታ ያገለገለ ካሜራ ነው። ትልቅ ያስመሰለው ፎቶ ቤት ያለው ጎረቤቴ ጋሽ ከበደ ያዋሰኝ ፍላሽ ነው። ካሜራው ራስ ላይ ይሰካል፣ አራት ባትሪ ድንጋይ ይበላል፣ አንገቱ ወደ ላይም ወደ ጎንም ይዞራል። ጋሽ ከበደ ሲሰጠኝ «ይህን አንገት ለምን እንደሠሩለት የገባሽ ዕለት ፎቶ ማንሳት ጀመርሽ ማለት ነው» አለኝ። እኔ አንገቱን ወደ ፊት አቅንቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ቅዳሜ

ከአዲስ አበባ ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። አውቶብሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ተሸፋፍኖ ተኝቷል። እኔም አዋሽን በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኜ ተሻገርኩት፤ ወንዙን አይቼው ይሁን ወይም አየሁት ብዬ ያለምኩት ይሁን እስካሁን አላውቅም። ጭሮ ላይ ቁርስ በላን። ከዚያ በኋላ ያለው ተራራ የወሎን ይመስላል፤ እርከኑ ያው ነው፣ በጤፍ ፈንታ ግን ጫት ለብሷል። «ገና አገሬ ነኝ» እያልኩ እራሴን አጽናናሁ።

ባቢሌ ለውዝ ገዝቼ እየላጥኩ ሳለ ከከተማው ወጣ ብሎ ፍተሻ ቆምን። አንድ ወጣት ፖሊስ ገብቶ ቦርሳ ይከፍት ጀመር። እኔ ጋ ሲደርስ እጁን ወደ ቦርሳዬ ሰደደ። ምን እንደነካ አላውቅም፤ ቦርሳዬ ውስጥ መብረቅ በራ። ፖሊሱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ዘለለ፣ ከኋላዬ ያሉት እናት «ቢስሚላህ!» አሉ፣ ለውዜ መተላለፊያው ላይ ተበተነ። ፍላሹን አውጥቼ እያሳየሁ አስረዳሁ። ልጁ ዓይኑን እያሸ ፈገግ አለና «እህቴ፣ እኔ ፍተሻ ነው ያልኩት፣ ፎቶ አልጠየቅኩም» አለኝ። አውቶብሱ በሳቅ ፈረሰ። ያልተዋወቀ ሰው ሁሉ ከዚያ ወዲያ ተዋወቀ፤ ቢስሚላህ ያሉት እናትም ከራሳቸው ለውዝ እፍኝ ሰጡኝ።

የዳካታ ድንጋዮች በማምሻው ፀሐይ አንዱ ባንዱ ላይ ተቀምጠው ሲያልፉን፣ ሕፃን ልጅ ደርድሯቸው ሳይጨርስ ለመብል የተጠራ ይመስል ነበር። ከዚያ ካራማራን አለፍን፤ ሜዳውም ተከፈተ። ምን ልበላችሁ? አሥር ዓመት ያስተማርኩት ነገር ድንገት ፊቴ ተዘረጋ፤ ቢጫው ቀለም መሬት ሆነ። ዓይኔ የሚያርፍበት አጥቶ ሄደ፣ ሄደ፣ ሰማይ ውስጥ ገባ። እንባዬ መጣ፤ ከምን እንደሆነ ግን ልናገር አልችልም።

እሑድ

ጅጅጋ ሙቅ ነው ብዬ ስስ ቀሚስ ብቻ ይዤ ነበር። የጥር ጠዋት ነፋሷ ግን የደሴውን የጦሳ ተራራ ነፋስ ያስንቃል። የሆዳን እናት፣ ወይዘሮ አሻ፣ ስንቀጠቀጥ ሲያዩኝ ገብተው ወፍራም ፎጣ አምጥተው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቶሎ የሚደክማቸው ሴት ናቸው፤ ከክፍል ወደ ግቢ ለመውጣት እንኳ መሃል ላይ ግድግዳ ይዘው ያርፋሉ። ሆዳን እንደምትጠራቸው «ሆዮ» እንድላቸው ነገሩኝ፤ እናቴ ማለት ነው።

ለቁርስ አንጄሮ በቅቤና በማር ቀረበ። የእኛን እንጀራ ይመስላል፤ ግን ትንሽ ነው፣ ስስ ነው፣ ከሻይ ጋር ይበላል። ምሳ ላይ ለሁሉም የፍየል ሥጋ በሩዝ ሲመጣ ለእኔ ብቻ ፓስታ በቱና በሌላ ድስት ተሠርቶ መጣ፣ ሙዝ ከጎኑ። ሥጋቸውን እበላ እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም፤ ሆዮ ከሆዳን የተማሪነት ወሬ አስታውሰው ነው። ደሴ ሙዝ ከምግብ በኋላ ነው፤ እዚህ እየገመጡ ከፓስታው ጋር ይጎርሱታል። ሞከርኩት። ከተመለስኩ ወዲህ ቤቴም እንዲሁ ነው የምበላው።

ከሰዓት በኋላ ሆዮን ቤት ውስጥ ላነሳቸው ተዘጋጀሁ። ፍላሹ እንደ ትንኝ እየዘመረ ሞላ፣ መብራቱ ቀላ፣ ተኮስኩ። ፎቶው ላይ ሆዮ ከደረታቸው በላይ አሉ፤ ከዚያ በታች ጥቁር ነው። ደግሜ አነሳሁ፤ እንደገና ግማሽ ሴት። የካሜራውን ፍጥነት ከልክ በላይ አድርጌው ኖሯል፤ መዝጊያው ብርሃኑን ሳይጠብቅ ይዘጋል። ይህ የገባኝ ግን ኋላ ነው። ሆዮ የካሜራውን መስኮት አይተው ሳቁና «ገና ሳልሄድ ግማሼን ወሰዱት» አሉ።

«የት ነው የሚሄዱት?» አልኩ።

ሆዳን ልጇን እያጠባች ነገሩን ነገረችኝ። የእናቷ የልብ በር እየጠበበ ነው። ሐኪሞቹ ሕንድ አገር ሄደው ቢሠሩት ይሻላል ብለዋል፤ ዘመድ አዋጥቶ ዝግጅቱ አልቋል። ሆዳን ጨቅላ ይዛ አትሄድም። ሆዮ ደግሞ ከታናሽ እህታቸው ከሩቂያ በቀር ከማንም ጋር አልሄድም ብለዋል።

«ታዲያ ሩቂያ ትሂድ» አልኩ።

«ሀበርያር ሩቂያ ፓስፖርት የላትም። መታወቂያዋም ያለ ፎቶ የወጣ የድሮ ነው። ለካሜራ ፊቷን አትሰጥም። ልጅ ሆና የፈላ ውሃ ነው ጉንጯ ላይ የፈሰሰው። ሠርጓ ቀን ፎቶ አንሺ አመጡ፤ ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ጠባሳው እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፤ የባሏ ዘመዶች እየተቀባበሉ አዩት። ያን ቀን ቀደደችው። ከዚያ ወዲህ በስልክ እንኳ አትነሳም።» ልጇን ወደ ሌላው ጡቷ አዙራ «ሰኒ፣ አንዴ ጥሩ ፎቶ ብታነሺላት ደፍራ ፓስፖርት ቢሮ ካሜራ ፊት ትቀመጥ ነበር ብዬ ነው ካሜራ ያዥ ያልኩሽ» አለችኝ።

ሀበርያር የእናት እህት ማለት ነው። ያን ቃል ስደጋግም አመሸሁ፤ ኃላፊነቱ ከብዶኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ትንሽም ኮርቻለሁ።

ሰኞ

ሚኒባሱ ሩቂያ ወደምትኖርበት ከተማ ወደ ቀብሪበያ ሲሮጥ መንገዱ ላይ ውሃ የተኛ ይመስላል፤ ስንደርስበት ይሸሻል። ግመሎች እግር ሳይኖራቸው በአየር ላይ ይንሳፈፋሉ። እኛ አገር በሩቅ ያለ ነገር ሁሉ ጉም ይውጠዋል፤ እዚህ ብርሃን ነው የሚውጠው። ሆዳን ልጇን ታቅፋ አንቀላፍታለች፤ እኔም ነቅቼ የማየው ከሕልም አይለይም ነበር።

የሩቂያ ሱቅ ገበያው አጠገብ ነው። ድራዕ የሚባለውን ስስ የሶማሌ ቀሚስ፣ ሽርጥ፣ መጎናጸፊያ በየቀለሙ ደርድራለች። በሩ ላይ ነጭ ጨርቅ ጋርዳለች፤ ፀሐይዋ በእሱ ውስጥ አልፋ ስትገባ ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ የለዘበ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። እርሷ ሞላ ያለች፣ ፈጣን፣ አማርኛዋ ከእኔ የሚቀድም ሴት ናት፤ ከመላው አገር ለመጡ ወታደሮችና አስተማሪዎች ሚስቶች ስትሸጥ የተማረችው ነው። መጎናጸፊያዋን በግራ ጉንጯ በኩል ሳብ አድርጋ ይዛዋለች። አንዲት ገዥ ጨርቁን ወደ ውጭ አውጥታ ልታይ ስትል «አይሆንም! ፀሐይ ላይ ቀለም ይዋሻል፣ እዚሁ እዪው» አለቻት።

ሻይ በወተት አስመጣችልን። ሆዳን በሶማልኛ ለመነቻት፣ ስለ እናቷ ነገረቻት። ሩቂያ አንድ ጨርቅ መለካት ጀመረች። በመጨረሻ «ለአሻ ብዬ» አለችና መጎናጸፊያዋን ለቀቀች።

ፍላሹን እንደነበረ፣ ፊት ለፊቷ፣ ከአንድ ሜትር ተኮስኩት። ሱቁ ለቅጽበት ነጣ። የካሜራውን መስኮት ተመለከትኩ፤ ጉንጯ ላይ ያለው ጠባሳ ዘይት እንደተቀባ ቆርቆሮ ያበራል፣ ዓይኖቿ ደንግጠዋል፣ ከኋላዋ ጥቁር ጥላ እንደ ሌላ ሰው ቆሟል። ላጠፋው ስል እጄን ያዘችኝ።

«አሳዪኝ።»

አየችው። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቢኖራት ይሻለኝ ነበር። «አየሽ? ሰው የሚያየኝ እንዲህ ነው ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ። መጎናጸፊያዋን መልሳ ሜትሯን አነሳችና የጀመረችውን ጨርቅ መለካቱን ቀጠለች።

ወደ ጅጅጋ ስንመለስ አለቀስኩ። ሆዳን ልጇን አንስታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ማክሰኞ

ወደ አገሬ ልመለስ ብዬ ሻንጣዬን ስሸክፍ ሆዮ በሩ ላይ ቆመው አዩኝ። «እንግዳ ተሸኝቶ እንጂ ኮርፎ አይሄድም» አሉና ቁጭ አደረጉኝ። በማግስቱ ለጉዟቸው ዱዓ ወደሚደረግበት ወደ ትውልድ መንደራቸው፣ ወደ ደምበል ይሄዳሉ፤ እኔም አብሬ እንድሄድ ፈለጉ። ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ ተቀምጬ ነፋሱ የቤቱን ቆርቆሮ ሲያነጋግር ሰማሁ። ጅጅጋ በቀትር ዝም ስትል ባጃጆቿ እንኳ በሹክሹክታ የሚሄዱ ይመስላል።

ማምሻውን አንድ ባጃጅ በር ላይ ቆመ። ሩቂያ ወረደች፤ ለዘመድ የምትሰጠውን አንድ ጣቃ ነጭ አቡጀዲ ብብቷ ሥር ይዛለች። እርሷም ደምበል ልትሄድ ነው። እኔን ስታይ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ትናንት አስለቀስኩሽ አሉኝ። ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ ፊቴ ነው።»

«አይደለም፣ ሀበርያር። ብርሃኑን እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«ብርሃን ምን ያደርጋል? ያለውን ነው የሚያሳይ።»

ያን ሌሊት ከመተኛቴ በፊት ግን ፍላሹን አውጥቼ አንገቱን ወደ ጣሪያው አዞርኩና ሞከርኩት። ክፍሉ በአንድ ጊዜ፣ ያለ ጥላ፣ እንደ ደመናማ ቀን በራ። አልጋው ላይ ተቀምጬ ደጋግሜ ተኮስኩ። ጋሽ ከበደ ያለኝ ገባኝ፤ ዘግይቶም ቢሆን።

ረቡዕ

ወደ ደምበል የሚሄደው መንገድ ጠጠርና አቧራ ነው። በኪራይ ላንድክሩዘር ከሾፌሩ ሌላ አምስት ሆነን፣ ሕፃኑን ጨምሮ፣ ሄድን። መሃል ላይ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ሲቀይር ሁለቱ እህትማማቾች አንዲት ግራር ሥር ተቀምጠው የልጅነታቸውን ቦታ እየጠቆሙ ሲያወሩ ተመለከትኩ፤ ሩቂያ የእህቷን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ ታሻለች። ሆዮ አንድ ነገር ሲሉ ሩቂያ ሳቀች፣ በሳቋም መጎናጸፊያው ወረደ፣ ፀሐይዋም በግራሩ ቅጠል ተጣርታ ጉንጯ ላይ አረፈች። ጠባሳው በዚያ ብርሃን ጎልቶ አይታይም፤ ከፊቷ መስመሮች እንደ አንዱ ነው። ካሜራዬን አላነሳሁም። ሳልጠየቅ ከእንግዲህ አላነሳም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር።

ደምበል ስንደርስ ያስተናገዱን የእህትማማቾቹ አጎት፣ አብቲ ጉሌድ፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። የግመል ወተት በትልቅ ጣሳ አቀረቡልኝ። ጢስ ጢስ ይላል፤ ዕቃውን በጢስ አጥነው ነው የሚይዙት። እኛ አገር እርጎ እንዲሁ ስለሚታጠን ጣዕሙ ባዳ አልሆነብኝም። «ጠጪ፣ ከደጋ የመጣ ሰው ደሙ ወፍራም ነው፣ ያቀጥነዋል» አሉኝ በሆዳን አስተርጓሚነት።

ከዱዓው በኋላ ሆዮ ከመሄዳቸው በፊት ከአጎታቸው ጋር እንዳነሳቸው ጠየቁኝ። ቤቱ ጨለምለም ያለ ነው፤ መስኮቱ ትንሽ፣ ግድግዳና ጣሪያው አረንጓዴ ቀለም የተቀባ። ሌሊት በተማርኩት ኮርቼ የፍላሹን አንገት ወደ ጣሪያው አዞርኩና ተኮስኩ።

«ሂላእ!» አሉ አብቲ ጉሌድ በድካም ዓይናቸው ጣሪያውን እያዩ። መብረቅ ማለት ነው። «በጥር? የት አገር ዘነበ?»

ቤቱ ሳቀ። እኔ ግን የካሜራውን መስኮት አይቼ ደነገጥኩ፤ ሆዮም ሽማግሌውም እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆነዋል። ሩቂያ ከጥግ ተነስታ በትከሻዬ ላይ አየችና ከሁሉም ይልቅ ሳቀች።

«ይሄማ ግድግዳው ነው! ነጭ ጨርቅ ከአረንጓዴ አጠገብ ስሰቅል ገዥው 'ይሄ አረንጓዴ ነው' ይለኛል። አንቺ ብርሃኑን እዚህ እየነከርሽው ነው እኮ።» ፍላሹን አየች፣ ጣሪያውን አየች። «ጨርቅ ላይ ብትወረውሪውስ?»

ሳልመልስ አቡጀዲውን ፈታችው። አንዱን ጫፍ በበሩ መቃን ላይ፣ ሌላውን በመስኮቱ ብረት አሰረች፤ ሱቋ በር ላይ እንደምታደርገው፣ መጨማደዱን በመዳፏ እየደባበሰች። የተረፈውንም ጨርቅ ጣሪያው ሥር ዘረጋች። ከዚያ ሄዳ ከእህቷ ጎን ተቀመጠች። ግራ ጉንጯን ወደ ጨርቁ አዞረች፤ መጎናጸፊያዋን ለቀቀችው።

«አንሺ» አለችኝ።

ፍላሹን ከሰው አዞርኩ፣ ወደ አቡጀዲው። ብርሃኑ ጨርቁን መትቶ ለስልሶ ተመለሰ። ፎቶው ላይ ሁለት እህትማማቾች ነበሩ፤ አንዷ ከስታ፣ አንዷ ሞልታ፣ አፍንጫቸው አንድ ዓይነት፣ ሁለቱም ሳቅ ሊጀምሩ ሲሉ። ጠባሳው አለ። የተወለደችበት ምልክት ይመስል ጉንጯ ላይ በጸጥታ ተኝቷል።

ካሜራውን ይዛ ብዙ አየችው። «እንዲህ ትንሽ ነው እንዴ?» አለች። ጥያቄው ለማን እንደሆነ ማንም አላወቀም። ሆዮ መለሱላት፦ «ለአርባ ዓመት ነግሬሻለሁ።»

ሁሉም ያበቃ መስሎኝ ፍላሹን ልነቅል ስል ሩቂያ ከለከለችኝ። ጨርቁን በእጇ ወደ ጎን ገፋችና ብቻዋን ግድግዳው ሥር ቆመች።

«አሁን ደግሞ በቀጥታ። እንደ ሰኞው።»

«ሀበርያር፣ ይቅር። ያስቀይማል።»

«ቢሮ ውስጥ ጨርቅ የሚሰቅልልኝ የለም። እዚህ ልልመደው።»

ሆዳን ፊቷን አዞረች። እኔ የፍላሹን አንገት ወደ ፊት መለስኩ፤ እንደዚያ የከበደኝ ፎቶ የለም። ሩቂያ ዓይኗን አልጨፈነችም። የካሜራውን መስኮት ስታይ ጠባሳው እንደ ሰኞው ያበራል፣ ጥላውም ከኋላዋ ቆሟል። ትንሽ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ተመለከተችው።

«እሺ» አለች። «ይሄ ፍላሹ ነው፤ የቅድሙ ደግሞ እኔ ነኝ።»

ሐሙስና ዓርብ

ወደ ጅጅጋ ተመልሰን የእህትማማቾቹን ፎቶ አሳተምኩ፤ አንዱ ለሆዮ፣ አንዱ ለሱቁ። ሩቂያ ደምበል ላይ ከአቡጀዲው ቀድዳ ያስቀረችውን ሁለት ክንድ «ለፎቶ ሥራሽ ነው» ብላ ሰጠችኝ። አብቲ ጉሌድ የቀረውን ወስደዋል። ዓርብ ጠዋት አውቶብሱ ካራማራን ሲወጣ ወደ ኋላ ዞሬ ሜዳውን አየሁ። በአቧራና በፀሐይ ውስጥ ከተማዋ አለችም የለችምም። ከዚያ ተራራው መጣ፤ ዓይኔ እንደ ልማዱ አረፈ። ግን እንደ በፊቱ ዕረፍት አልሆነልኝም።

ሚያዝያ ውስጥ፣ ክፍል ልገባ ስል፣ ስልኬ ከማላውቀው የውጭ ቁጥር ጠራ። የሩቂያ ድምፅ ነበር፤ ከሕንድ ነው። የሆዮ ልብ ተሠርቷል፤ ትናንት ከአልጋቸው ወርደው እስከ መስኮቱ ድረስ ግድግዳ ሳይዙ ሄደዋል።

«ቢሮው እንዴት ነበር?» አልኳት ደስታዬ ጋብ ሲልልኝ።

«ዋላሂ ሰናይት፣ የፓስፖርቱ ፎቶ አስቀያሚ ነው!» ብላ ሳቀች፣ ስልኩ እስኪንቀጠቀጥ። «ግን የአሻን ብታዪው! የእርሷ ከእኔ ይብሳል። የሰው ሁሉ እንደዚያ ነው። ኤርፖርት ፓስፖርት የሚያየው ልጅ ሁለታችንንም እኩል ነው የተጠራጠረን።»